ጉልበትን በሰዓት መመደብ፦ ማያስቴኒያ ግራቪስ ላለበት ሰው የዕለት ኑሮ መመሪያ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባልዲ ሙሉ ውኃ ያነሣ ክንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንዲት ጉርሻ ወደ አፍ ማድረስ ሲሳነው፣ ያየ ሰው ሁሉ «ጠዋት ደኅና አልነበርሽም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የበሽታዬ ስም ከመታወቁ በፊት በነበሩት ወራት እኔም ራሴን ደጋግሜ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ አስተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጽሑፌ፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ወደ ታች ይዘቅጥ ነበር። ጠመኔ የያዘውን እጄን በግራ እጄ ደግፌ ስጽፍ ያየች አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እጅዎን አመመዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። አላመመኝም ነበር፤ እጁ እንቢ ማለቱ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አንድ የሕክምና ቤት «ጭንቀት ነው» ብሎ መልሶኛል፤ አንድ መነጽር ቤት ደግሞ አንዱን ነገር ሁለት አድርጌ ለማየቴ መነጽር ሸጦልኛል።

ይህ ጽሑፍ በሐኪም ተመርምሮ ማያስቴኒያ ግራቪስ እንዳለበት ለተነገረው ሰውና አብሮት ለሚኖር ቤተሰብ የተዘጋጀ የኑሮ መመሪያ ነው። የመድኃኒት መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ እኔ የማወራው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ስላለው፣ ቤት ውስጥና መንገድ ላይ ስለሚውለው ቀን ነው።

አስቀድሞ ነገሩን መረዳት ያሻል፤ የቀረው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነውና። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር በመልቀቅ ሲሆን፣ ጡንቻው ደግሞ ትእዛዙን የሚሰማው በላዩ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት ነው። በዚህ በሽታ፣ በአብዛኞቻችን ላይ፣ የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ እነዚህን ተቀባዮች የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች ይደርሳሉ፤ አንዱን ጡንቻ ደጋግመን ባዘዝነው ቁጥር ግን የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን እየቀነሰ፣ ያሉት ጥቂት ተቀባዮችም ለሥራው አልበቃ እያሉ ጡንቻው ይዝላል፤ ሲያርፍ መልሶ ይታዘዛል። «ድካም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የደከመ ሰው እንቅልፍ ያምረዋል፣ ሥራም ያስጠላዋል። የዛለ ሰው ግን ልቡ ሥራውን እየፈለገ፣ አእምሮውም እንደነቃ፣ የዓይኑ ቆብ ወይም ክንዱ ወይም መንጋጋው ብቻ አልታዘዝ ይለዋል። ለሐኪምም ለጎረቤትም ሲናገሩ «ደከመኝ» ከማለት «ዛለብኝ» ብሎ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ መጥቀሱ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

1. ለሁለት ሳምንት ደብተር መያዝ

በሽታው ድንገተኛ ይመስላል እንጂ ሙሉ በሙሉ ድንገተኛ አይደለም። የእያንዳንዱ ሰው ጉልበት የሚመጣበትና የሚሄድበት የራሱ ሰዓት አለው፤ ይህንንም ሰዓት ሌላ ሰው ሊነግርዎ አይችልም። ባለመስመር የሆነች ትንሽ ደብተር ይግዙና ለ14 ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ የሚከተሉትን ይመዝግቡ። በመጀመሪያ፣ ራስን ሳያንቀሳቅሱ በዓይን ብቻ ወደ ጣሪያ ለ1 ደቂቃ ሲመለከቱ የዓይን ቆብ ይወርድ እንደሆነና እንዳልሆነ፤ ቀጥሎም ሁለቱን ክንድ ወደ ፊት ዘርግተው ምን ያህል ሰከንድ እንደሚያቆዩ፤ ከዚያም የመጨረሻው ምግብ ሲታኘክ መንጋጋዎ ዝሎ እንደሆነ፤ በመጨረሻም በረጅሙ ተንፍሰው አየር ከሳቡ በኋላ በአንድ ትንፋሽ፣ ድምፅን ከፍ አድርገው፣ እስከ ስንት እንደሚቆጥሩ።

በዚህ የትንፋሽ ቆጠራ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በመጻሕፍት የሚገኙት ቁጥሮች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተቆጠሩ ናቸው፤ «ሠላሳ ስምንት» ብሎ መጥራት ደግሞ የራሱን ትንፋሽ ይወስዳል። ስለዚህ የእርስዎን ቁጥር ማስተያየት ያለብዎት በደኅናው ቀን ከቆጠሩት ከራስዎ ቁጥር ጋር ነው፤ ፍጥነቱም በየጊዜው አንድ ዓይነት ይሁን።

ከእኔ ደብተር የአንድ የሚያዝያ ቀን ገጽ ይህን ይመስላል፦ «ከጠዋቱ 1፡00 መድኃኒት። 1፡45 ዓይን ክፍት፣ ክንድ ከ2 ደቂቃ በላይ፣ ቁጥር 41። 4፡30 የግራ ቆብ ግማሽ፣ ክንድ 50 ሰከንድ። 5፡00 መድኃኒት። 6፡00 ምሳ፣ ደኅና ታኘከ። 8፡30 ሙቀት ከባድ፣ ከገበያ በእግር ተመለስሁ፣ ሁለቱም ቆብ ወረደ፣ ቁጥር 29። ለ1 ሰዓት ያህል ተኛሁ። 10፡00 ቁጥር 37።» እንዲህ ያለ 14 ገጽ ሲከማች ንድፉ ራሱ ይታያል። የእኔ ሲታይ፣ የሚያዘልቀኝ ሰዓት ከመድኃኒቱ በኋላ ከ45 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ እጅግ የሚያወርደኝም ሥራው ብቻ ሳይሆን በሙቀት ውስጥ የተሠራው ሥራ መሆኑ ተገለጠልኝ። ሴቶች የወር አበባ ቀናቸውንም በኅዳጉ ላይ ቢያሰፍሩ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቻችን በዚያ ሳምንት ይብስብናል። ያልተኛንባት ሌሊት፣ ጉንፋን፣ ኀዘንና ንዴትም ይጻፉ።

2. መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ምግቡን በመድኃኒቱ

ፓይሪዶስቲግሚን፣ ወይም በንግድ ስሙ መስቲኖን፣ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርግ ሲሆን፣ በሽታውን አያድንም፤ ለጥቂት ሰዓት ጉልበት ያበድራል። በተለምዶ የሚገኘው ባለ60 ሚሊግራም ፍሬ ሲሆን ከተዋጠ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በኋላ መሥራት ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሐኪምዎ በየ4 ሰዓቱ ካዘዘልዎ ጠዋት 1 ሰዓት፣ 5 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ማለት ነው፤ ስልክዎ በእነዚህ ሰዓታት እንዲጮህ ያድርጉ። መዛሉ እስኪመጣ ጠብቆ መዋጥ ከንቱ ነው፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ያለው ጊዜ ባዶ ይቀራልና። ማኘክና መዋጥ የሚቸግርዎ ከሆነ ገበታው የሚቀርበው ፍሬው ከተዋጠ ከ45 ደቂቃ በኋላ እንዲሆን ቤተሰቡ ይወቀው። በእኛ ቤት ምሳ 6 ሰዓት የሆነው በእኔ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ያጉረመረሙት ልጆችም አሁን ሰዓቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የምራቅ መብዛትና ላብ የዚሁ መድኃኒት ጠባዮች ናቸው፤ ትንሽ ዳቦ ወይም ሙዝ አብሮ መቅመስ ሆዱን ያለዝባል። በራስ ፈቃድ መጠን መጨመር ግን አይገባም፤ ከልክ ያለፈው መድኃኒት ራሱ ጡንቻን ያዝላልና፣ ያን ጊዜ «አነሰኝ» ብሎ ሌላ የሚጨምር ሰው እሳቱ ላይ ጭራሮ የሚጨምር ይሆናል። መዛሉ ከላብ፣ ከምራቅ፣ ከተቅማጥና ከጡንቻ መንዘር ጋር ከመጣ፣ ተጨማሪ ፍሬ ሳይውጡ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የተሳሳተውን የመከላከያ ኃይል የሚያለዝበው ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰው ደግሞ ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰደው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሽታው ለጊዜው ሊብስ እንደሚችል አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል፤ የሚቀነሰውም በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ብቻ ነው። የደም ስኳርና የደም ግፊትም መታየት አለበት። የመከላከያ ኃይልን እንዲሁ የሚያለዝበው አዛትዮፕሪን ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያ የደም ምርመራው ሳይዘነጋ መታገሥ ነው።

መድኃኒቱ ከመደርደሪያ የሚጠፋበት ወር አለ። አንድ ጊዜ ያለኝ ሦስት ፍሬ ብቻ ሲቀር ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ፤ በመጨረሻ የደረሰልኝ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በአውቶቡስ የላከው ነው። ከዚያ ወዲህ የአንድ ወር መጠባበቂያ ሳይኖረኝ አላድርም፤ የሚገዛው ሲያልቅ ሳይሆን ግማሹ ሲቀር ነው።

ስለ ጾምና ጸበል ሳላነሣ ባልፍ ይህ ለባሕር ዳር ሰው የተጻፈ መመሪያ አይሆንም። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ፕሬድኒሶሎንን በባዶ ሆድ ወደ መዋጥ ወይም ወደ መተው ያደርሳል፤ ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከንስሐ አባት ጋር ቢነጋገሩ፣ ለታማሚ ያለውን ፈቃድ ራሳቸው ይነግሩዎታል። የእኔ የንስሐ አባት ያሉኝ «መድኃኒቱን ዋጪ፣ ለጾሙ እኔ አለሁ» ነው። በእስልምናም ቢሆን የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም እንዲያፈጥርና ሶላቱን ተቀምጦ እንዲሰግድ ተፈቅዶለታል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በማለዳ ይሂድ፣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ተራ አይጠብቅ፣ ፍሬዎቹንም በኪሱ ይዞ ይሂድ እንጂ ጸበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

3. የቀኑን ሥራ መመደብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክፉው ቀን ሳይሆን በደኅናው ቀን ነው። ጉልበት ሲሰማን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ጠዋት ለመጨረስ እንነሣለን፤ ዋጋውንም ማታና በማግሥቱ እንከፍላለን። እኔ ይህን የተማርሁት ከእንጀራ ምጣድ ነው። የሸክላ አክንባሎ በየእንጀራው ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ለመክደን፣ አንድ ጊዜ ለመክፈት፤ 20 እንጀራ የሚጋግር ሰው 40 ጊዜ ክንዱን ያነሣል ማለት ነው፤ ያውም በእንፋሎትና በሙቀት ውስጥ ሆኖ። አንድ የበዓል ዋዜማ 11ኛውን እንጀራ በሰፌድ ሳወጣ ሰፌዱ ከእጄ ተንሸራቶ እንጀራው አመድ ላይ ዐረፈ። አሁን ቀለል ያለ ክዳን ባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ 6 ብቻ እጋግርና አቆማለሁ። ስድስተኛው ላይ ገና ጉልበት አለኝ፤ የማቆመውም ስላለኝ ነው። ክንዱ ከዛለ በኋላ የሚወሰድ ዕረፍት ከመዛሉ በፊት ከሚወሰደው ሦስትና አራት እጥፍ ይረዝማል፤ ይህ የእኔ ደብተር ስሌት ነው፣ የእርስዎን ይመልከቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በደብተርዎ የታየውን የደኅና ሰዓት ይያዙና ክንድ የሚጠይቀውን ሥራ፣ ማለትም ልብስ ማጠብን፣ ፀጉር መሠራትን፣ ከገበያ ዕቃ ማምጣትን፣ በዚያ ውስጥ ብቻ ያስገቡ፤ ነገር ግን ሁለት የክንድ ሥራ አያከታትሉ። በክንድ ሥራ መካከል የእግር ወይም የወንበር ሥራ ይግባ። ከምሳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጋደም ይበሉ፣ ዓይንም ይከደን፤ ቆቡም ጡንቻ ነውና። ይህ ዕረፍት የሚገኘው ቤት ባለው አልጋ ነው፣ ሥራ ቦታ ያለው ወንበር አይተካውም፤ ስለዚህ በትምህርት ቤቴ ክፍለ ጊዜዎቼ ሁሉ ከ6 ሰዓት በፊት እንዲሆኑ ርእሰ መምህሩን ለምኜ ተፈቅዶልኛል፤ ለዚህም የሐኪም ማስረጃ በጽሑፍ ማቅረብ ጠቃሚ ነው።

በእግር መሄድ አይከለከልም፤ እንዲያውም ይመከራል፤ ግን መመለሻውም እንዳለ ሳይረሳ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ በደኅናዬ ማለዳ ከዳር እስከ ዳር ደርሼ እመለሳለሁ፣ ግማሽ ላይ ቆቤ ከከበደኝ ግን ከዚያው እመለሳለሁ እንጂ «እስከዚያ ልጨርስ» አልልም። ድርብ የሚያይ ሰው ብስክሌት መንዳት የለበትም፤ ከተማችን በብስክሌት የታወቀች መሆኗን እያወቅሁ የምለው ነው። ባጃጅ አለ። ድርብ እይታውን ለጊዜው የሚያስቀረው አንዱን ዓይን መሸፈን ነው፤ የሚሸፈነው ዓይን ይቀያየር።

ለቅዳሴ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው መቋሚያ ይዞ ይቁም፤ ሽማግሌ መባልን ፈርቶ መቋሚያ የሚተው ወጣት ዛለብኝ ብሎ ከሚወድቅ ይልቅ ተደግፎ ቢቆም ይሻለዋል። ቡና የሚጠጣበት በርጩማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተቀምጦ መነሣቱ ጭን ለዛለበት ሰው ከባድ ነው፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይጠይቁ። ቁጢጥ በሚባልበት መጸዳጃ ቤት ደግሞ ግድግዳው ላይ በብየዳ ቤት የተሠራ የብረት መያዣ ማስተከል የግድ ነው።

4. ገበታና ጉርሻ

መንጋጋ የሚዝልበት ሰው ቆሎን፣ ጥሬ ሥጋንና የደረቀ ዳቦን ይተው፤ ወይም በጠዋቱ ሰዓት ጥቂት ብቻ ይቅመስ። የሚስማሙት ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ ለስላሳ ድንች፣ አጥሚት ናቸው። የጣና ዓሣ ለእኛ ትልቅ በረከት ነው፤ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ማኘክም አያሻውም። ሆኖም መዋጥ ለሚቸግረው ሰው የዓሣ አጥንት አደገኛ ስለሆነ፣ ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ ትተው አጥንቱ የወጣለትን ይዘዙ። ይገርም ይሆናል እንጂ፣ ለመዋጥ ከሁሉ የሚያስቸግረው ቀጭኑ ውኃ ነው፤ ወደ አየር ቧንቧ ቶሎ ያመልጣል። ወፈር ያለ አጥሚት ወይም የተበጠበጠ በሶ ይሻላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ፣ ጥቂት ጥቂት እየዋጡ፣ ሳይናገሩ መመገብ ነው። ሲጠጡ ፈሳሹ በአፍንጫ ከወጣ ወይም ሲበሉ ደጋግሞ ትን ካለዎ ምግቡን ያቁሙ።

ጉርሻን በተመለከተ ጥብቅ መሆን አለብዎ። የጉርሻውን መጠን የሚወስነው አጉራሹ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ማኘክ አቅቶዎት አፍዎ ሞልቶ ይቀራሉ። «አፈር ስሆን! በሞቴ!» ሲባል እንቢ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔ ዘዴ ጉርሻውን በእጄ ተቀብዬ፣ ሳም አድርጌ፣ ሳህኔ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ በሦስት ከፍዬ መብላት ነው። የባለቤቴ እናት መጀመሪያ ተቀይመውኝ ነበር፤ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ከነገርኳቸው ወዲህ ግን ሌላው ሲያጎርሰኝ ከእኔ ቀድመው «ተዋት፣ በእጇ ስጣት» ይላሉ።

5. ሙቀት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ቀትሯ ያቃጥላል። ሙቀት በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት ያዳክማል፤ ቅዝቃዜ ያግዘዋል። ስለዚህ በሙቅ ውኃ መታጠብን ይተው፣ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ከፀሐይ ይራቁ፣ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወጡ ከሆነ በማለዳ ይውጡ። የተዘጋ ዓይን ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ2 ደቂቃ ቢያኖሩ ቆቡ ለጊዜው ይነሣል፤ ሐኪሞችም ይህንኑ ለምርመራ ይጠቀሙበታል። በጀልባ ዘጌ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ጀልባ ይያዝ፤ ከወደቡ በኋላ በቡናው ጥላ ሥር የሚወጣ ዳገት አለ።

6. ወባና የሚከለከሉ መድኃኒቶች

በጣና ዙሪያ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ይህ ይመስለኛል። ትኩሳትና ኢንፌክሽን በሽታውን ያባብሱታል፤ ለወባ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም እንዲሁ ያባብሱታል። ኩዊኒን ለእኛ የተከለከለ ነው። ክሎሮኪንም ጡንቻን ሊያዝል ይችላል፤ በአገራችን ደግሞ ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው እርሱ ነው። በቋንቋችን ማንኛውንም ፍሬ «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ ከኩዊኒን ስም ተነሥተን ነውና፣ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ኪኒን አይስማማኝም» የሚል ሰው ማንም አይረዳውም፤ ስሙን ለይቶ «ኩዊኒንና ክሎሮኪን» ማለት ያስፈልጋል። የወባ ምርመራው ውጤት ሲወጣ፣ ማያስቴኒያ እንዳለብዎ ሳይናገሩ ከዚያ አይውጡ፤ ሐኪሙ የሚስማማዎትን ይመርጣል። ወባው ሳይታከም መተው ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ከክረምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ፣ እንደገናም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ አጎበር ያለ አንዳች ሰበብ ይዘርጋ።

ከወባ መድኃኒት ሌላ ጥንቃቄ የሚያሻቸው አንቲባዮቲኮቹ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና የወገኑ መድኃኒቶች፣ አዚትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ ለግላኮማ የሚሰጠው የቲሞሎል የዓይን ጠብታ፣ እንዲሁም በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዥየም ሰልፌት ናቸው። የመጨረሻው ለነፍሰ ጡሮች የደም ግፊት ስለሚሰጥ፣ እርጉዝ የሆነች ታማሚ ክትትሏን ስትጀምር ይህን ታስመዝግብ። ጉንፋን ሲይዘን ከመድኃኒት ቤት «ሲፕሮ ስጠኝ» ብሎ ገዝቶ መዋጥ ለእኛ ቀርቷል።

እነዚህን ስሞች በአንድ ካርድ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ በፕላስቲክ አስለብጠው፣ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ። በካርዱ ላይ የበሽታው ስም፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነሰዓታቸው፣ የሚከለከሉት፣ የቅርብ ሰው ስልክ ይኑር። ጥርስ ለማስነቀልም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ሲገቡ ካርዱን ለሰመመን ሰጪው ያሳዩ።

7. የሌሊቱ ዕቅድ

የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲዝሉ የሚደርሰው ነገር ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ የራስን ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ ለማሳል መሞከርና ሳሉ አቅም ማጣቱ፣ ድምፅ በአፍንጫ መውጣት ወይም በዓረፍተ ነገር መካከል መቆራረጥ፣ ራስን ቀና አድርጎ መያዝ አለመቻል። የትንፋሽ ቆጠራው ከደኅናው ቀን ቁጥር ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ ወይም ከ20 በታች ሲሆን፣ ንጋትን አይጠብቁ። ቁጥሩ ደኅና ቢሆንም ከምልክቶቹ አንዱ ካለ መሄድ ነው።

በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ከቤትዎ የትኛው እንደሚቀርብ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በምን እንደሚሄዱ፣ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ዛሬ በቀን ይወሰን። ሲሄዱ ቁጭ ብለው ይሂዱ እንጂ አያስተኙዎ። ሌላ የማስጠነቅቀው፣ በጣት ላይ የምትደረገዋ የኦክስጅን መለኪያ 95 አሳየች ተብሎ ወደ ቤት መመለስን ነው፤ በእኛ በሽታ ኦክስጅኑ የሚወርደው ጡንቻው ከደከመ በኋላ፣ ዘግይቶ ነው። አብሮዎ የሚሄደው ሰው ይህንን ቃል በቃል እንዲናገር ያስለምዱት፤ እርስዎ ያን ጊዜ መናገር ላይችሉ ይችላሉና።

8. የቀጠሮ ቀን

ለክትትል ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። የደረት ሲቲ ስካን አልታዘዘልዎ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የሚባለው ዕጢ ከታማሚዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ እባጭ ያበቅላል፤ እባጭ ባይኖርም ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ለአንዳንዶች ይጠቅማል።

የቀጠሮው ችግር ግን ሁልጊዜ ጠዋት መሆኑ ነው። ሌሊቱን ተኝተን፣ መድኃኒታችንን ውጠን፣ በባጃጅ ደርሰን፣ በ3 ሰዓት ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ ዓይናችን ክፍት ነው፣ ክንዳችንም ይታዘዛል፤ ሐኪሙ የሚያየው ጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት፣ በክፉው ሰዓትዎ፣ የቤት ሰው በስልክ ይቅረጽዎ፤ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት፣ መጀመሪያ ወደ ላይ ሲመለከቱ፣ ቀጥሎ ክንድ ሲዘረጉ፣ ከዚያ ሲቆጥሩ። የመጨረሻዋ ልጄ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ 40 ሰከንድ ቀርጻኛለች፤ መጨረሻ ላይ ፈገግ ስል ፊቴ የተቆጣ እንጂ የሚስቅ አይመስልም። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አየው፤ ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና ጠዋት እንዴት እንደነበርሁ ሳይጠይቀኝ የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካከለልኝ።